ደመወዙን ሰጡኝ፣ ሥራውን ነፈጉኝ

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፤

እንደምን ከርመዋል? የ29 ዓመት ሴት ነኝ፤ ከእናቴ ጋር ጅማ፣ ሕርማታ ሰፈር እኖራለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ አላይም። ሰበታ መርሐ ዕውራን ተምሬ፣ በሕግ በዲግሪ ተመርቄ፣ እዚሁ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት የሕግ ባለሙያ ሆኜ ከተቀጠርኩ 4 ዓመት ሞላኝ። ተቀጠርኩ ልበል እንጂ ሠራሁ ለማለት አፌን ይይዘኛል። እስከ ዛሬ በስሜ የተመራልኝ መዝገብ ከ5 አይበልጥም። ጠዋት እገባለሁ፤ ስልክ አነሳለሁ፤ ባለጉዳይ ሲመጣ የክፍሉን ቁጥር እነግራለሁ፤ ማታ እወጣለሁ። ሥራ ስጠይቅ አለቃዬ «ምን አስቸኮለሽ? ደመወዝሽ አልቀረብሽ፤ አርፈሽ ቁጭ በይ» ይለኛል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ረመዳን በገባ ቁጥር ለእናቴ ቴምር ይልካል።

በቅርቡ የከፍተኛ የሕግ ባለሙያ መደብ በውስጥ ማስታወቂያ ወጣ። የተለጠፈው በወረቀት ስለሆነ የሰማሁት ከ3 ቀን በኋላ፣ ያውም ከጽዳት ሠራተኛችን ነው። መወዳደር እንደምፈልግ ስነግረው አለቃዬ ከልቡ አዘነልኝ። «ለምን ትደክሚያለሽ? መዝገቡን ማን ያነብልሻል? ፍርድ ቤትስ ማን ይመራሻል? ደግሞ የሕግ ሰው ነሽ፤ የዓይነ ስውር ፊርማ እንደማይጸና ታውቂያለሽ» አለኝ። በላፕቶፔ በኤንቪዲኤ፣ ጽሑፍን በድምፅ በሚያነብልኝ ፕሮግራም፣ እንደማነብ ላሳየው ብዬ የቢሮውን አንድ ደብዳቤ ከፈትኩ። ማሽኑ ትርጉም የሌለው ዝብርቅርቅ ነገር ማነብነብ ጀመረ። «ይኸው፣ ማሽኑም አማርኛ አይችልም» አለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከእኔ 2 ዓመት ዘግይተው የተቀጠሩ ሁለት ባልደረቦቼ ተመዝግበዋል። አንደኛው «አብሽሪ፤ አንቺ እዚህ መድረስሽ ራሱ ለእኛ ትምህርት ነው» ብሎ አጽናናኝ።

ሌላም አለ። ነጭ በትሬን ቢሮ በር ላይ አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ እከታለሁ፤ ከዚያ ጥበቃው ክንዴን ይዞ ጠረጴዛዬ ድረስ ያደርሰኛል። አምና በትሬን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ሳለ አንድ ባለጉዳይ 10 ብር እጄ ላይ አስጨብጦኝ ሄደ። ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ ቀን ወዲህ በትሩን ቢሮ ውስጥ ይዤ መታየት አልፈልግም።

እናቴ «አልሐምዱሊላህ በይ ልጄ፤ ዲግሪ ይዞ ቤት የተቀመጠ ስንት አለ። ኩራት ይቅርብሽ» ትለኛለች። እውነቷን ይሆን? ልወዳደር ወይስ ያለኝን ይዤ ልቀመጥ? ብወዳደርስ ዓይነ ስውር መሆኔን ማመልከቻው ላይ ልጻፍ ወይስ ልተወው?

ፋ. ነኝ፣ ከጅማ

*

ውድ እህቴ ፋ.፣

አለቃሽ ክፉ ሰው እንዳልሆነ ጽፈሻል። እንዳልሽው ይሆናል፤ ነገሩን ያከበደብሽም ይኸው ነው። የሚሰድብሽ አለቃ ቢሆን ቅሬታሽን ጽፈሽ ታቀርቢ ነበር። ለእናትሽ ቴምር የሚልክን፣ ሲያዝንም ከልቡ የሚያዝንን ሰው ግን ምን ብለሽ ትከሽዋለሽ? በሕግ ሙያ ልምድ ማለት የያዝሽው መዝገብ ነው። ነገ ሌላ ቦታ ብታመለክቺ የልምድ ወረቀትሽ 4 ዓመት ይላል፤ ጠያቂው ግን «የትኛውን ክርክር ይዘሽ ነበር?» ይልሻል። ያን ጊዜ መልስ የምታጪው አንቺ ነሽ፣ እሱ አይደለም። ሥራ ነፍጎ ደመወዝ መክፈል ያው ከንፈር መምጠጥ ነው፤ ልዩነቱ በየወሩ መፈረሙ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያለፉት ሁለት ግማሽ ዓመታት የሥራ አፈጻጸም ነጥብሽ ስንት ነበር? ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? ለዕድገት ውድድር ይህ ነጥብ ስለሚያዝ የተፈረመበትን ቅጂ አሁኑኑ ከሰው ሀብት አውጪ። ዝቅ ብሎ ከሆነ «ያልተመራልኝን ሥራ በምን መዘናችሁት?» የሚል የጽሑፍ ጥያቄ ይገባዋል። ከፍ ብሎ ከሆነ ደግሞ ሥራውን እንደምትችዪ ራሳቸው ፈርመው መስክረዋል፤ ዛሬ «አትችይም» ሊሉ አይገባም።

ወደ እናትሽ ልመለስ። «ኩራት» አማርኛችን ውስጥ ያልታደለ ቃል ነው፤ ብዙ ጊዜ ከትዕቢት ጋር አንድ ላይ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ እናት ልጇ ስትመረቅ «ኮራሁብሽ» ትላለች፤ ያን ጊዜ ማንም ትዕቢተኛ አይላትም። ትንሽ ልጇን፣ ያውም የማታይ ልጇን፣ ከጅማ ሰበታ ድረስ ለትምህርት የላከች ሴት ኩራት አታውቅም አልልም። ፈርታልሽ ነው። ደመወዙ ቢቀርስ፣ ሰው ቢቀየምሽስ ብላ ነው። ስለዚህ አትከራከሪያት። ብትወዳደሪና ብትወድቂ አሁን ያለሽበት መደብ እንደማይነካ ንገሪያት፤ ከሁሉ የሚያሳስባት እሱ ይመስለኛል። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለውን ተረት እሷም ታውቀዋለች። ምስጋናና ጥያቄ ደግሞ አይጣሉም፤ ሰው አልሐምዱሊላህ ብሎ የደከመበትን መጠየቅ ይችላል። አካል ጉዳተኛ መሆንን በኩራት መያዝ ስንል አለማየት ቀላል ነው ማለታችን አይደለም። ለመኖርሽ ይቅርታ እየጠየቅሽ፣ ለተሰጠሽ ወንበር ሁሉ ዕዳ እየከፈልሽ አለመኖር ማለታችን ነው።

አሁን ደግሞ ለራስሽ ብቻ የምትመልሺው ጥያቄ። የምትፈልጊው መደቡን ነው ወይስ አለቃሽ «ተሳስቼ ነበር» እንዲልሽ? ሁለቱም የሚያሳፍር አይደለም፤ የሚጠይቁት ዝግጅት ግን ይለያያል። ፍርድ ቤት ቆሞ መከራከር ከወደድሽ ተወዳደሪ። የምትወጂው ውል መመርመርና የሕግ አስተያየት መጻፍ ከሆነ፣ መዝገብ በእኩል እንዲመራልሽ በመጠየቅ መጀመርም ይቻላል። የደብዳቤሽን ቃና ሳየው የመጀመሪያው ይመስለኛል፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን የምጽፈው ትወዳደሪያለሽ ብዬ ነው።

ሕጉን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ግን ሰው በራሱ ጉዳይ ሲሆን የተማረው ይጠፋበታል። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 ለቅጥር ብቻ ሳይሆን ለዕድገት፣ ለምደባ፣ ለዝውውርና ለሥልጠናም ይሠራል። የሥራው ጠባይ ካልከለከለ በቀር መመዘኛውን ያሟላ ሰው በአካል ጉዳቱ ምክንያት ወደ ጎን ሊባል አይችልም። እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ከመጣም ቅድሚያው ለአካል ጉዳተኛው ነው። አሠሪው የሥራ ቦታውን፣ መሣሪያውንና ሰዓቱን ለሠራተኛው እንዲስማማ የማመቻቸትና ረዳት የመመደብ ግዴታ አለበት፤ ከዚህ የሚያመልጠው ማመቻቸቱ ከአቅሙ በላይ ሸክም መሆኑን ማሳየት ሲችል ነው። አድልዎ ተፈጸመብኝ ያለ አካል ጉዳተኛ ደግሞ የማስረዳት ሸክም የለበትም፤ አድልዎ አለመፈጸሙን የሚያስረዳው አሠሪው ነው። ማመልከቻው ላይ ልጻፍ ወይ ላልሽው መልሱም እዚህ ውስጥ አለ። ያልጻፍሽውን ማመቻቸት አልተጠየቅንም ይሉሻል፤ ቅድሚያውም አይታሰብልሽም። ጻፊው።

አለቃሽ ሦስት ጥያቄ ጠይቆሻል። ሦስቱም የሥራ ጥያቄዎች ስለሆኑ የሥራ መልስ ይሰጣቸው።

«መዝገቡን ማን ያነብልሻል?» ለሚለው፣ መጀመሪያ የዚያን ቀን ምን እንደተፈጠረ ልንገርሽ፤ ጥፋቱ የአንቺም የኤንቪዲኤም አልነበረም። ብዙ መሥሪያ ቤቶች አማርኛ የሚጽፉት በድሮዎቹ የፓወር ግዕዝ ፊደላት ነው። እነዚህ ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚግባቡበት የጋራ የፊደል ኮድ፣ አይደሉም። ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጡት የእንግሊዝኛ ፊደላትና ምልክቶች ናቸው፤ የ«ሀ»ን ወይም የ«መ»ን መልክ የሚያለብሳቸው ፎንቱ ነው። ዓይን መልኩን ያያል፤ እንደ ኤንቪዲኤ ያለ ስክሪን ሪደር (በድምፅ አንባቢ ፕሮግራም) ግን ፋይሉ ውስጥ ያለውን ስለሚያነብ ዝብርቅርቁን ያወጣዋል። ለማረጋገጥ አንድ አንቀጽ ኮፒ አድርገሽ ቴሌግራም ላይ ለጥፊ። ዝብርቅርቅ ሆኖ ከመጣ ጽሑፉ የድሮው ዓይነት ነው፤ አማርኛ ሆኖ ከመጣ ዩኒኮድ ነው፣ ኤንቪዲኤም ያነበዋል። አለቃሽ ራሱ በስልኩ ሊያየው የሚችል ሙከራ ስለሆነ ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል። መፍትሔውም ገንዘብ አያስወጣም። አዲሱ ፓወር ግዕዝ ራሱ በዩኒኮድ መጻፍ ይችላል፤ ፀሐፊዋ ምርጫውን መቀየር ብቻ ነው የሚጠበቅባት።

የቆዩትን ፋይሎች በተመለከተ አቋራጭ አለ። ደብዳቤውን ወደ ፒዲኤፍ ቀይሪና እንደ ሥዕል በኦሲአር (የፊደልን ሥዕል ወደ ጽሑፍ በሚቀይር ፕሮግራም) አስነብቢው። ጎግል ድራይቭ ላይ የተጫነ ፒዲኤፍ በጎግል ዶክስ ሲከፈት አማርኛውን ወደ ጽሑፍ ይቀይረዋል፤ ያለ ኢንተርኔት መሥራት ካስፈለገ ቴሰራክት የተባለው ነፃ የኦሲአር ፕሮግራም የአማርኛ ፋይል አለው። የመሥሪያ ቤቱን ምስጢራዊ ሰነድ ያለ ፈቃድ ኢንተርኔት ላይ አትጫኚ። ይህ ብቻውን ለክስ ምክንያት ሊሆንብሽ ስለሚችል ፈቃዱን በጽሑፍ ያዢ፣ ካልፈቀዱም በቴሰራክት ሥሪ። ወረቀት ስካን ሲደረግ በ300 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ) ይሁን፤ ከዚያ ካነሰ «በ»ና «ቡ»፣ «ሰ»ና «ስ» መምታታት ይጀምራሉ። ማኅተም ያረፈበት መስመር ብዙ ጊዜ ይበላሻል፤ በሕግ ሰነድ ላይ ደግሞ ማኅተም የሚያርፈው ስምና ቀን ላይ ነው። ስለዚህ ኦሲአር ያወጣውን ቁጥር፣ ቀንና የገንዘብ መጠን በሚያይ ሰው ሳታስመሳክሪ ምንም ሰነድ ላይ አትፈርሚ።

የአማርኛው ድምፅ ከኤንቪዲኤ ጋር አብሮ የሚመጣው ኢስፒክ ነው፤ የኦሮምኛ ድምፅም አለው። አጠራሩ ደረቅ ነው፤ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ፊደል አይለይም፤ ጽሑፋችን ራሱ ስለማይለየው። ፍጥነቱን ቀንሰሽ በየቀኑ ብትሰሚው ጆሮሽ ይለምደዋል። የሰነዶቻችሁ ግማሽ በአፋን ኦሮሞ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። እነሱ በቁቤ ስለሚጻፉ የፎንት ችግር የለባቸውም፤ ግን የእንግሊዝኛ ድምፅ ካነበባቸው «ዲኤች»ውንና «ኤክስ»ን ያበላሻል። ኢንሰርት፣ ኮንትሮልና ፒን አንድ ላይ ስትጫኚ በሚከፈተው ቦታ ሁለት ፕሮፋይል (የተቀመጠ ቅንብር) አዘጋጂ፣ አንዱን ለአማርኛ ሌላውን ለኦሮምኛ፤ በሥራ መሐል ቅንብር እየፈለግሽ አትደክሚም። የቢሮው ኮምፒውተር ፕሮግራም አላስጭንም ካለ ኤንቪዲኤን ከፍላሽ ላይ ማስነሳት ይቻላል። ከፍላሽ የተነሳው ግን የይለፍ ቃል በሚጠየቅበት ገጽ ላይ አይናገርም፤ እሱን አስቀድመሽ ካላወቅሽ ማሽኑ ዝም ሲል ትደነግጫለሽ።

የእጅ ጽሑፍን አሁን ባለው መሣሪያ መመካት አይቻልም። የድሮ የፍርድ ቤት መዝገብ ደግሞ የእጅ ጽሑፍ ይበዛበታል። ይህንን አትደብቂ። ሰው አንባቢ ያስፈልግሻል፤ አዋጁም ረዳት ያለው ለዚህ ነው። ሙሉ ቀን አትጠይቂ፤ በቀን 2 ሰዓት፣ በቀጠሮ ቀን ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ብትዪ ለመፍቀድም ለመመደብም ይቀላል። ረዳቱ ምስጢር ለመጠበቅ ይፈርም። ከመጀመሪያው ቀን የምትነግሪው አንድ ነገር አለ፦ ቃል በቃል ያነባል፣ አያሳጥርም። «ይሄ አይጠቅምሽም፣ ልዝለለው» ያለ ቀን ሕጉን የመረመረው እሱ ሆነ ማለት ነው፤ ብዙ ዓይነ ስውራን ባለሙያዎች ሳያውቁት ሥራቸውን ለረዳታቸው የሚያስረክቡት በዚህ በኩል ነው።

«ፍርድ ቤትስ ማን ይመራሻል?» ይህ ከሦስቱ ቀላሉ ነው። በቀጠሮው ዋዜማ ሄደሽ ከግቢው በር እስከ ችሎቱ ያለውን መንገድ፣ ደረጃውን፣ የተከራካሪዎቹን ወንበር አንድ ጊዜ አዳርሺው። የክርክርሽን ነጥቦች፣ አንቀጾቹን፣ ቀኖቹንና የማስረጃ ቁጥሮቹን በብሬል በአንድ ወፍራም ወረቀት ላይ አስፍሪ፤ በጣትሽ እያነበብሽ ፊትሽን ወደ ዳኛው አድርገሽ ትናገሪያለሽ። የጆሮ ማዳመጫ ለመጠቀም ካሰብሽ ለችሎቱ አስቀድመሽ አሳውቂ፤ ካላሳወቅሽ ስልክ እያዳመጥሽ ሊመስል ይችላል። ተቃራኒው ወገን ሰነድ ሲያቀርብ «የቀረበው ሰነድ ይዘት ለመዝገቡ ይነበብልኝ» በዪ። ማየት የተሳናቸው ጠበቆች በዚህች አገር ችሎት ይቆማሉ፤ አለቃሽ ይህን ላያውቅ ይችላል።

ፊርማውን በተመለከተ፣ አለቃሽ የሰማው ነገር አለ፤ የሰማው ግን ግማሹን ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1728 ዓይነ ስውር ሰው ውል ላይ ያኖረው ፊርማ እንደ ውል አዋዋይ ወይም ዳኛ ባለ ሥልጣን ፊት ካልተረጋገጠ እሱን እንደማያስገድደው ይናገራል። ሰውየው ሳያውቅ በማይሆን ውል እንዳይታሰር ተብሎ የተጻፈ ነው። አንቺ የሕግ አስተያየት ስትጽፊ ወይም የክስ መልስ ስታዘጋጂ የምትፈርሚው ተዋዋይ ሆነሽ ሳይሆን ባለሙያ ሆነሽ ነው። አንቀጹን አትመሽ ይዘሽለት ግቢ፤ እሱም የሕግ ሰው ከሆነ አንብቦ ይረዳዋል። (የሚከላከልሽን አንቀጽ የሚከለክልሽ አድርገው የሚያነቡ ቢሮዎች ይህ ብቻውን አይደለም፤ አንጀት የሚያሳርር ነው።)

ማመልከቻሽ አጭር ይሁን። እንዲህ ብትዪ ይበቃል፦ «ለከፍተኛ የሕግ ባለሙያ መደብ ለመወዳደር አመለክታለሁ። ዓይነ ስውር ስሆን የምሠራው በስክሪን ሪደር፣ በብሬልና በአንባቢ ረዳት ነው። በአዋጅ ቁጥር 568/2000 መሠረት የጽሑፍ ፈተናው በዩኒኮድ በተጻፈ ሶፍት ኮፒ እንዲቀርብልኝ፣ ኤንቪዲኤ ባለው ኮምፒውተር እንድመልስ፣ ከመደበኛው ሰዓት ግማሹ እንዲጨመርልኝ፣ ኮምፒውተሩንም አንድ ቀን ቀደም ብዬ እንድሞክረው እጠይቃለሁ። ወደፊት የውስጥ ማስታወቂያዎች በቴሌግራም ወይም በኢሜይል እንዲደርሱኝም አመለክታለሁ።» ይቅርታ፣ ልመና፣ «ከቻላችሁ» የሚል ቃል አይግባበት። በ2 ቅጂ አትመሽ መዝገብ ቤት አስገቢ፤ አንዱ ላይ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርገሽ ቤትሽ አስቀምጪ። ለአለቃሽ በእጁ የሰጠሽው ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ሊቀር ይችላል፤ መዝገብ ቤት የገባ ግን አልደረሰኝም አይባልበትም።

የፈተናው ቀን የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በትንንሽ ነገር ነው። የቢሮው ኮምፒውተር ድምፅ አልባ ይሆናል፣ ፍላሽ አልቀበልም ይላል፣ ወይም መብራት ይሄዳል። ስለዚህ ባትሪው የሞላ ላፕቶፕሽንና ሽቦ ያለው የጆሮ ማዳመጫ ይዘሽ ግቢ፤ በራስሽ ማሽን መፈተን ከተከለከልሽ ባዶ አካውንት ከፍተው ይቆጣጠሩት። አንባቢ ሰው ይመደብልሽ ከተባለ ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ እንዳይሆን፣ የሕግ ቃላትን በወጉ ማንበብ የሚችልም እንዲሆን ጠይቂ። «ይግባኝ»ና «ይርጋ»ን ሲያነብ የሚደናቀፍ አንባቢ የተጨመረልሽን ሰዓት ይበላዋል።

አሁን ወደ 10 ብሩ። ለማንም አልተናገርኩም ብለሻል። ያን ያህል ጊዜ ብቻሽን መሸከምሽ ያሳዝናል፤ አሁን ስለተናገርሽው ደስ ብሎኛል። ሰውየው ያየው በትሩን ነው። በትርና ልመና በአእምሮው አንድ ላይ ታስረው ነው የኖሩት፤ አንቺ በትሩን ስላጠፍሽው አይፈታቸውም። እስቲ በትሩ ሲታጠፍ ምን እንደሚሆን ተመልከቺ። ጥበቃው ክንድሽን ይዞ ያስገባሻል፤ ባለጉዳዩ የሚያየው ተመርታ የምትገባ ሴት ነው። አለቃሽም በየቀኑ የሚያየው እሱን ነው፤ «ማን ይመራሻል?» የሚለው ጥያቄ ከየት መጣ ትያለሽ? በትርሽን ዘርግተሽ ብቻሽን ስትገቢ ካየሽ ያ ጥያቄ ግማሹ ይመለስለታል። በትር የሥራ መሣሪያ ነው፤ ሐኪም የልብ ማዳመጫውን ኪሱ ውስጥ አይደብቅም።

በነገራችን ላይ ርዝመቱ ይስማማሻል? ቀጥ ብለሽ ስትቆሚ ከወለል እስከ ደረትሽ መሐል አጥንት ሊደርስ ይገባል። ከተማሪነትሽ ጊዜ የቆየ አጭር በትር ከሆነ እንቅፋቱን የሚነግርሽ እግርሽ ከደረሰ በኋላ ነው፤ በክረምት ጭቃና ክዳን በሌለው ቦይ ላይ ያ አደገኛ ነው። ጫፉ ላይ ያለው ፕላስቲክ ባንድ በኩል ተበልቶ ከሆነም አስቀይሪው፤ የተበላ ጫፍ የጠጠር መንገድ ላይ ይሰካል። ዳግመኛ ገንዘብ የሚሰጥሽ ሰው ቢመጣ ደግሞ፣ ሳትቆጪ መልሰሽ «እዚህ የሕግ ባለሙያ ነኝ፤ በምን ልርዳዎት?» በዪው። ቤትሽ ሆነሽ ጥቂት ጊዜ ጮክ ብለሽ ተለማመጂው፤ ያልተለማመደ አፍ በደነገጠ ጊዜ ዝም ይላል።

ያን ባልደረባሽንም አትቀየሚው፤ ግን ትምህርት ሆነሽ አትቅሪ። አንዳንዱ የትነበርሽ ንጉሤን ስም ይጠራልሽ ይሆናል። ዓይነ ስውር የሕግ ባለሙያ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝታለች፤ ሊኮራባት ይገባል። ነገር ግን የሚያይ ሰው ከፍተኛ ባለሙያ ለመሆን ዓለም አቀፍ ሽልማት አይጠየቅም። አንቺም መደቡ የሚጠይቀውን ያህል ደህና ባለሙያ ብትሆኚ ይበቃል።

ማመልከቻውን ከማስገባትሽ በፊት አለቃሽን 10 ደቂቃ ጠይቂው። ሦስት ሰነድ ይዘሽ ግቢ፦ አንድ በዩኒኮድ የተጻፈ፣ አንድ በጥራት ስካን የተደረገ፣ አንድ የእጅ ጽሑፍ። ሁለቱን አንብቢለት፤ ሦስተኛውን «ይህን ማሽኑ አይችልም፤ ለዚህ ነው በቀን 2 ሰዓት ረዳት የምጠይቀው» በዪው። የማይሆነውንም ስታሳዪው የሚሆነውን ያምንሻል። «አዝኜልሽ እኮ ነው» ካለሽ፣ «ማዘንዎን አውቃለሁ፤ ስለ ደግነትዎም አመሰግናለሁ። የምጠይቅዎት ግን መዝገብ እንዲመሩልኝ ነው» ብለሽ ጠብቂ። ዝምታው ቢረዝም አንቺ አትሙዪው። ከውድድሩ ውጤት በፊት እንኳ በሳምንት 2 መዝገብ እንዲመራልሽ ጠይቂ፤ ቀኑንና ቁጥሩን በራስሽ ማስታወሻ ያዢ።

እምቢ ቢሉሽስ? ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቂ። ቀጥሎ ያለው የመሥሪያ ቤታችሁ ቅሬታ ሰሚ ነው፤ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ስለሚሆን ውጤቱ የተለጠፈበትን ቀን መዝግቢ፣ ደንቡንም አሁን አንብቢው። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ጅማ ላይ ጽሕፈት ቤት አለው፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤትም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የሕግ ባለሙያ ብትሆኚም ለራስሽ ጉዳይ ሌላ ሰው ይያዝልሽ። ዋጋውን ግን አስቀድመሽ አስቢ። ጅማ የሚተዋወቁባት ከተማ ናት፤ ከከሰስሽው ሰው ጋር ገበያም ለቅሶ ቤትም ትገናኛላችሁ። ይህን መሸከም እችላለሁ ወይ ብለሽ ራስሽን ጠይቂ፤ መልሱ «አልችልም» ከሆነ እስከ ቅሬታ ሰሚው ሄዶ መቆምም መንገድ ነው፤ ማንም ፈሪ ሊልሽ አይገባም።

ከዚያ ሁሉ በፊት ግን በዚህ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቢሮው ጭር ሲል፣ ሄደሽ ከግቢው በር እስከ ጠረጴዛሽ በበትርሽ ብቻ ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላለሺበት። ደረጃውን ቁጠሪ፤ መታጠፊያው የትኛው በር ጋ እንደሆነ በእጅሽ ለዪው። ሰኞ ጠዋት ጥበቃው እንደ ልማዱ ክንድሽን ሊይዝ ሲመጣ «ጋሼ፣ ዛሬ በራሴ እገባለሁ፤ በጣም ሰው በበዛበት ቀን ደግሞ እኔ የእርስዎን ክርን እይዝና ግማሽ እርምጃ ይቀድሙኛል» በዪው። ጎትቶ ከመውሰድ ይልቅ ለእሱም ይቀለዋል።